ያልተለሰነው ግድግዳ

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። የመቱ ከተማው ቧንቧ ሠራተኛ ሀይደር ግን አለመርሳት ብቻ አይበቃውም ነበር፤ በደሉን ፀሐይ ላይ እንደተሰጣ ቡና ማለዳ ማለዳ ያገላብጠዋል፣ እንዳይሻግትበት።

የአቶ ጭምዴሳን አዲስ ቤት ቧንቧ ከዘረጋ ሰባት ዓመቱ ነው። «ጋሼ፣ ከመለሰኑ በፊት ቱቦውን ከግድግዳው ጋር በክላምፕ ልሰረው። ሰፈሩ ከውኃ ማጠራቀሚያው በታች ነው፣ ግፊቱ ኃይለኛ ነው» ቢላቸው፣ እሳቸው ለቤት ምርቃቱ ቸኩለው በማግስቱ አስለሰኑት። ወር ሳይሞላ ግድግዳው ማንኳኳት ጀመረ፤ ያውም ማክሰኞና ዓርብ ብቻ። ተጸለየ፣ ጠበል ተረጨ፤ ወይ ፍንክች! አቶ ጭምዴሳም በዕድር ስብሰባ መካከል ተነሥተው፣ «ቀን ለይቶ የሚያንኳኳ ምን አለ? ሀይደር መተት ቀብሮብኛል» አሉ።

ከዚያ ወዲያ መቱ ውስጥ የሚያሠራው ጠፋ። መፍቻውን ተሸክሞ በሚኒባስ ወደ ጎረቤት ከተሞች፣ ኡካና ሁሩሙ፣ ሲመላለስ ኖረ። የእሱስ ይሁን። ሚስቱ ኡሙልኸይር ወፍጮ ቤት ስትገባ ሴቶቹ እህላቸውን ወደ ጉያቸው ሲስቡ ማየቱ ነው ጥርሱን ያስነከሰው። የኳኳታውን ምክንያት ያውቃል፤ ማን ሰምቶት! በኋላማ መናገሩንም ተወ። ይንኳኳ! አለ፤ ቀኑን ጠበቀ።

ቀኑ አንድ ዓርብ መጣ። የአቶ ጭምዴሳን ልጅ ሴናን ለማጨት የመጡት ሽማግሌዎች እጃቸውን ታጥበው ቧንቧው ሲዘጋ፣ ግድግዳው ዷ! ዷ! አለ። ተያይተው፣ ምርቃቱን እንኳ ሳያደርሱ ወጡ። በማግስቱ የሴና እናት እትዬ ሙላቷ ሀይደር በር ላይ ቆሙ።

«ማሎ ሀይደር፣ ለልጄ ብለህ! ያደረግኸውን ፍታልን።»

ለልመና መጥተው እንኳ «ያደረግኸውን»! ሀይደር ደሙ ፈላ።

«እፈታዋለሁ፤ ግን ማክሰኞ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ዕድርተኛው ባለበት።»

ማክሰኞ የአቶ ጭምዴሳ ሳሎን ሞላ። ሀይደር ቧንቧውን በእጁ አልነካም።

«ጋሼ ጭምዴሳ፣ እርስዎ ይክፈቱት። አሁን በአንዴ ይዝጉ።»

ዷ!

«ደግመው ይክፈቱና ቀስ እያሉ ይዝጉ።»

ዝም። ቀጥሎ ሀይደር ከመንገዱ የሚገባውን የውኃ መስመር ዘጋና ጣሪያው ላይ ካለው ሮቶ ውኃ ለቀቀ። አቶ ጭምዴሳ በአንዴ ቢዘጉትም ግድግዳው አልተነፈሰም።

«ኦቦ ደቅሲሳ» አለ ሀይደር ወደ ዕድሩ ዳኛ ዞሮ፣ «የዚህ ሰፈር የውኃ ፈረቃ መቼ ነው?»

«ማክሰኞና ዓር...» ኦቦ ደቅሲሳ ሳይጨርሱ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«መተቴ ታዲያ በፈረቃ ነው የሚገባው?»

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ሀይደር አልሳቀም። በፈረቃው ቀን እየጋለበ የመጣ ውኃ መንገዱ ድንገት ሲዘጋበት ቱቦውን ይመታል፣ ያልታሰረ ቱቦ ግድግዳውን ይመታል አለና፣ በመሮ የሳሎኑን ልስን መሀል ለመሀል ሰነጠቀው። ቀንድ የለ፣ ክታብ የለ፤ የሚወዛወዝ ቱቦ ብቻ። አራት ቦታ በክላምፕ አሰረው። ከቧንቧው አጠገብም፣ ውኃው ሲገታ አየር ላይ እንዲያርፍ፣ አናቱ የተደፈነ ቁራጭ ቱቦ አቆመ። የመንገዱን ውኃ መልሰው ቢከፍቱ ቢዘጉ ቤቱ ጭጭ አለ።

አቶ ጭምዴሳ በሰው ፊት ይቅርታ ጠየቁ። ኦቦ ደቅሲሳም፣ «ካሳህን ተናገር» አሉት። ልማዱ የታወቀ ነው፤ ተበዳይ ሲጠየቅ «ለሽማግሌ ብዬ ትቻለሁ» ይላል፣ ተመራርቆ ይለያያል። ሁሉም ይህንኑ ጠበቀ።

«ካሳዬ ይህ ቀዳዳ ነው» አለ ሀይደር። «ሰባት ዓመት እንዳይለሰን። እንግዳ በጠየቀ ቁጥር ጋሼ ራሳቸው ይመልሱ።»

ቢለምኑት፣ ቢቆጡት ንቅንቅ አላለም። ካሳ ተናገር ብሎ መልሶ መንፈግ ነውር ነውና ኦቦ ደቅሲሳ አጸደቁለት።

ወሬው ሲጠራ ሽማግሌዎቹ ተመልሰው መጡ፤ በስድስተኛው ወር ሴና ተዳረች። አማቾቹ ገና ሳይቀመጡ፣ «ይህ ቀዳዳ ምንድን ነው?» አሉ። አቶ ጭምዴሳ ተነሡ። አቀርቅረው፣ ሀይደርን መተተኛ ካሉበት ቀን ጀምረው አንድም ሳያስቀሩ ተናገሩ። ኡሙልኸይር ከተጋባዦቹ መሀል ቀና ብላ ሰማች፤ ዐይኗ እንባ አቀረረ።

«አሁንስ ይበቃቸዋል» አለችው ባሏን በሹክሹክታ።

«ገና ስድስት ዓመት ተኩል አለባቸው» አለ ሀይደር።