ነፋስ የሚደውለው ስልክ

በደርግ ዘመን በባሕር ዳር ስልክ መሥሪያ ቤት የመስመር ሠራተኛ ነበርሁ። ሥራዬ ስልክ መትከልና መጠገን ብቻ አልነበረም፤ ያስተከለውን ዕቃ ለሚፈራው ደንበኛ ማስረዳትም የእኔ ድርሻ ነበር። ሳይገባው የሸኘሁት ሰው አላስታውስም።

አንድ ነፋሻማ ከሰዓት በኋላ ሁለት የአብዮት ጥበቃ አባላት መጥተው «ቀበሌ ትፈለጋለህ» አሉኝ። ያን ጊዜ ይህን የሰማ ሰው ለምን ብሎ አይጠይቅም። የመሣሪያ ቦርሳዬን አንሥቼ ተከተልኋቸው።

በጽሕፈት ቤቱ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ሐይቁ ዳር ዓሣ የሚነግዱ አንድ ሐጂ ተቀምጠዋል። ስልካቸውን የተከልሁላቸው እኔ ነኝ። ሊቀ መንበሩ ከሌላ ክፍለ ሀገር መጥቶ በፋብሪካ የሚሠራ ሰው ነበር።

«የዚህ ሽማግሌ ስልክ አንድ ጊዜ ቅጭል ይልና ዝም ይላል» አለኝ። «ጎረቤቱ ሁሉ ሰምቷል። ምልክት የሚልክለት ማነው?»

«ነፋስ ነው አልሁህ እኮ» አሉ ሐጂው።

«ነፋስ ስልክ ይደውላል? ጓድ፣ አንተ አስረዳኝ። ካልሆነ ዛሬውኑ ወደ ከፍተኛ እልከዋለሁ።»

ከቀበሌ በላይ ወደነበረው ወደ ከፍተኛ ተልከው የተመለሱ ሰዎች ጥቂቶች ነበሩ።

መስመሩን ልይ ብዬ አስፈቀድሁ። አንደኛው ጥበቃ ጠመንጃውን አንግቶ ከኋላዬ እየመጣ ወደ ሐይቁ ወረድን። ከአንዱ ምሰሶ ላይ የረገቡ ሽቦዎች ነፋሱ በገፋቸው ቁጥር ይነካካሉ። ሐጂው እውነታቸውን ነበር። ሽቦውን በዓይኔ ስከተለው ግን፣ የሐጂውን መስመር የሚነካው የቀበሌው መስመር ነበር። ለቀበሌው የተደወለው ጥሪ ወደ ሐጂው ደወል ያመልጣል። ጥሪ ካመለጠ ደግሞ ንግግርም ሊያመልጥ ይችላል። ይህን ብናገር ሐጂውን በገዛ አፌ ማስወሰዴ ነው። ብደብቅና ሌላ ባለሙያ ቢያየው የምወሰደው እኔ ነኝ።

ተመልሼ ሊቀ መንበሩ ፊት ቆምሁ።

«ዓሣ በክር የሚያጠምድ ሰው ክሩን ጣቱ ላይ ይጠመጥማል» አልሁ። «የሁለት ሰዎች ክር ውሃ ውስጥ ከተጠላለፈ፣ የአንዱ ዓሣ ሲጎትት የሌላውም ጣት ይነቃነቃል። ደወሉም እንዲሁ ነው።»

«እውነት ነው ጓድ» አለ የሐይቁ ዳር ተወላጅ የሆነው ጥበቃ። «በሰው ዓሣ ስንት ጊዜ ተሸውጃለሁ!»

«አንተማ በራስህም ዓሣ ትሸወዳለህ» አሉት ሐጂው።

ሊቀ መንበሩ አልሳቀም። «የሱ ክር የተጠላለፈው ከማን ጋር ነው?»

«ከጽሕፈት ቤቱ ጋር ነው፣ ጓድ ሊቀ መንበር።»

ጥበቃው ወደ መሬት አየ።

«ንግግራችንን ይሰማል ማለት ነው?»

«ሽቦዎቹ በተነካኩበት ቅጽበት እጀታ ያነሣ ሰው ሊሰማ ይችላል። ሐጂው ብቻ አይደሉም፤ በነፋስ የረገበ ሽቦ ያለበት ሁሉ ነው። ጉዳዩ ከፍተኛ ከደረሰ ግን ጽሕፈት ቤቱም ይህ መስመር እስካሁን ለምን እንዲህ ሆኖ ቆየ ተብሎ መጠየቁ አይቀርም።»

ይህን ማለቴን የሰማሁት ካልሁት በኋላ ነው። ሊቀ መንበሩ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ስልክ ለረጅም ጊዜ ተመለከተው፤ በዚያ ስልክ የተናገረውን ሁሉ እያስታወሰ መሰለኝ።

«አሁኑኑ አስተካክለው» አለኝ በመጨረሻ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አንተም ሽማግሌ፣ ወደ ቤትህ ሂድ።»

ሽቦዎቹን ሳይመሽ ወጥሬ አራራቅኋቸው። በማግስቱ ጠዋት ሐጂው መሥሪያ ቤት መጡ።

«ስልኩን ንቀልልኝ፣ ልጄ።»

«ተስተካክሏል እኮ፣ ሐጂ። ትናንት ያስረዳሁት አልገባዎትም?»

«ገባኝ እንጂ። ደህና አድርገህ አስረዳኸኝ። ስለገባኝ ነው ንቀለው የምልህ።»

ሄጄ ነቀልሁት። ሽቦውን ስጠቀልል ሐጂው በራፉ ላይ ቆመው ያዩኝ ነበር።

«እሱን ለታንኳዬ ማሰሪያ ብትተውልኝስ?»

«የመንግሥት ነው፣ ሐጂ።»

«እሱማ ከሁሉ በፊት ነው የገባኝ» አሉና በሩን ከፍተው አሳለፉኝ።