«ኑሩ»ን «ኑሮ» ብዬ የጻፍኩባት መኪና

ውሸት ነው በሉኝ።

«ኑሩ» የሚባል ሰው እንዴት ይሞታል? ስሙ ራሱ ኑሩ ነው እኮ! ጠዋት ወንድሙ ከሞጣ ደውሎ «ይበልጣል፣ ኑሩ አረፈ» ሲለኝ፣ «ደክሞት ነው፣ ይረፍ፣ ሲነሳ ይደውልልኝ» ብዬ ዘጋሁበት።

መልሶ ደወለ። እያለቀሰ ነበር። ጎህ ሲቀድ ደረቴን ወጋኝ ብሎ፣ ሐኪም ቤት ሳይደርስ። አለቀ።

ለማታውቁት፣ ኑሩ ሞጣ ገበያ ውስጥ ሬዲዮና ሞባይል የሚጠግነው ነው። እኔ የብቸናው ጎሚስታ ይበልጣል ነኝ። ከማን እንደምበልጥ አይጠየቅም። በማታው የጎልማሶች ትምህርት ከክፍሌ አንደኛ የወጣሁት እኔ ነኝ። ሁለተኛዋ የልጅ ልጅ ያዩ እናት ናቸው፣ እሳቸውንም በጭንቅ ነው የበለጥኳቸው። ይህን ጽሑፍ ማንም አልጻፈልኝም።

የመጀመሪያው ረጅም ጽሑፌ ስለ መኪናችን እንዲሆን ነበር ከኑሩ ጋር የተስማማነው። መርዶ ይሆናል አላልንም።

መኪናችን ትንሽ ናት፣ በሪሞት የምትሄድ፣ ድንጋይ የምትወጣ። ፈረንጆች እንዲህ ያለች መኪና ቋጥኝ ሲያስወጡ በስልኩ አሳየኝና «እነሱ መኪናው አላቸው፣ እኛ ድንጋዩ አለን። ግማሹ እኮ ተሠርቷል» አለኝ።

ቀሪውን ግማሽ ከውዳቂ ሠራነው። ሞተሩ ከተበላሸ ቴፕ፣ ማርሾቹ ከተሰበረ ፕሪንተር፣ ባትሪው ከሶላር መብራት፣ ሪሞቱ ከልጆች መጫወቻ። ሞላዎቹ የእስክሪብቶ ናቸው። ኑሩ የማታ ትምህርት እስክሪብቶዎቼን አንድ በአንድ ፈታታብኝ፣ ፈተና የገባሁት እርሳስ ይዤ ነው።

ጎማው ግን የእኔ ሥራ ነው። የጀሪካን ክዳን በባጃጅ የውስጥ ጎማ ጠቅልዬ ጥርስ አወጣሁለት። በዓለም ላይ እንዲህ ያለ ጎማ የለም። እሱ «መጀመሪያ ከሞጣ ይጀምር፣ ዓለም ይደርሳል» ይለኝ ነበር።

በሙከራው ቀን ከሱቁ ጀርባ በተከመረው የመሠረት ድንጋይ ላይ ስለቃት ተገለበጠች። «አንተ ሰውዬ ቀስ በል፣ ድንጋዩ የትም አይሄድም!» ብሎ ሪሞቱን ነጠቀኝ። ፈታት፣ ማርሽ ጨመረባት። ፍጥነቷ ሄደ፣ ጉልበቷ መጣ። እንደ ኤሊ እየተንፏቀቀች ጫፍ ላይ ወጣች።

በደስታ በስሙ ልሰይማት አልኩ። ቀለም አምጥቼ በሯ ላይ ጻፍኩ። ኑሩ አነበበውና ሳቁ አላስቆም ብሎት መሬት ላይ ቁጭ አለ።

ሩን ሮ አድርጌዋለሁ። «ኑሮ» ትላለች መኪናዋ!

ከዚያ ወዲያ የገበያው ሰው ሁሉ መጫወቻ ሆንን። ስትወጣ «ኧረ ኑሮ ወጣ!» ስትወድቅ «ተመስገን፣ ኑሮ ወረደ!» ጎረቤቱ ቅመም ሻጯማ «እናንተ ልጆች፣ ኑሮን አትግፉት፣ እሱ ሳይገፉትም ይወጣል» ትለን ነበር።

ላጠፋው ስል ኑሩ እጄን ያዘኝ። ማታ ትምህርት ከገባሁ ወዲህ «ዶክተር» ነው የሚለኝ። «ተወው ዶክተር። ኑሮም ቢሆን አብረን ነው።»

«አብረን» የእሱ ቃል ነው። ሰው «ኑሩ!» ብሎ ከጠራው፣ እንደተመረቀ ሁሉ «አብረን!» ይላል። ሊቆጣው የመጣ ደንበኛ ሳይቀር ስቆ ይመለሳል።

ሪሞቱን እሱ፣ መኪናዋን እኔ የምንይዘውም ለዚሁ ነበር። አንዳችን ያለ አንዳችን እንዳንነዳት። ለሚመጣው የገበያ ቀን አዲስ ጎማ አጥልቄላት ልወስዳት ነበር።

ዛሬ ግን ለቀብሩ ከአሱር፣ ከከሰዓቱ ሶላት፣ በፊት መድረስ ነበረብኝ። እነሱ ሬሳ አያቆዩም። መኪናዋን በብብቴ ይዤ መናኸሪያ ሮጥኩ። መንገዱ በጸጥታው ችግር ተዘግቷል፣ ወደ ሞጣ የሚወጣ የለም። አንዱ ሾፌር እግር ላይ ወደቅኩ።

«ተነስ ይበልጣል፣ ተነስ እንጂ! ማን ሞቶብህ ነው?»

«ኑሩ።»

«አሜን፣ እንኑር። ማን ሞቶብህ ነው የምልህ?»

እግሩን ለቅቄ ተነሳሁ።

ወያላው ብብቴን አይቶ «መኪና ይዘህ መኪና ትለምናለህ?» አለኝ። ሌላ ቀን ቢሆን የባሰ እመልስለት ነበር። እዚያው አስፋልቱ ዳር ተቀመጥኩ። ድንጋይ የምትወጣ መኪና ሠርቼ፣ ሞጣ የሚያደርሰኝ መኪና አጣሁ።

በእግሬ ጀመርኩት። ከከተማው መውጫ ኬላ ጠባቂዎቹ መለሱኝ። ለመንኩ፣ ጮህኩ፣ መለሱኝ።

አሁን ሰዓቱ አልፏል። ቀብረውታል። ማን እንደተሸከመው አላውቅም። አንድ እፍኝ አፈር አላለበስኩትም። የሞጣ ሰዎች፣ እባካችሁ፣ ይህን ያነበበ አንድ ሰው ነገ መቃብሩ ድረስ ሄዶ በእኔ ፈንታ አፈር ያልብስልኝ። ብቸና ያለው ጓደኛህ ቀርቶብህ አይደለም፣ መንገድ ተዘግቶበት ነው ይበልልኝ።

ኑሩ፣ ወንድሜ።

አየህ፣ ዛሬ ሩን አልሳትኩም። ከላይ እስከ ታች ስምህን አስተካክዬ ጻፍኩ። የሚያርመኝ ሳይኖር። ይህን ብታይ ሱቅህን ዘግተህ ለገበያው ሁሉ ታነብ ነበር።

ቀስ በል ስትለኝ ኖረህ ምን አስቸኮለህ? ድንጋዩ የትም አልሄደም እኮ።

አላህህ በጀነት ያሳርፍህ። የእኔም እግዜር ያንተን ነገር ይስማኝ፣ ዛሬ ጮኼበታለሁ።

ደህና ሁን። ኑሩ ብዬ ስጠራ አብረን የሚለኝ የለም። ኑሮ ጭኔ ላይ ተቀምጣለች፣ አዲስ ጎማዋን አጥልቃ። አትንቀሳቀስም። ሪሞቱ አንተ ጋር ነው።