ለታላቅ ወንድሜ የወጣ መሸኛ

ወደዚህ ጉዳይ ያስገባኝ የታላቅ ወንድሜ የልብ ሕመም ነው። በዝዋይ ሐይቅ ካሉት ደሴቶች በአንደኛው ተወልደን፣ እኔ ለትምህርት ስወጣ እርሳቸው ዓሣ አጥማጅ ሆነው ቀሩ። ሐኪም ከሆስፒታል እንዳይርቁ ባዘዘ ጊዜ፣ ገላን ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ወዳለው ቤቴ አመጣኋቸው።

ኑሮው እንደሚመቻቸው አልተጠራጠርኩም። የቧንቧ ውኃ በፈረቃ መሆኑን ሲረዱ ግን ሳቁብኝ። «እኔስ አሁንም ደሴት ላይ ነኝ፤ ውኃው ብቻ ነው የጠፋው» አሉ።

በደሴታችን ጀልባ የሚሠራው ከሐይቁ ዳር ከሚበቅለው ደንገል ነው። እንዳይበሰብስ ከግድግዳ ጋር ይቆማል፤ በየጊዜው ወደ ፀሐይ ይዞራል። ባለቤቱ መንገድ ሲሄድ ጎረቤት ያዞርለታል። ጀልባው የቆመለት ሰው የትም ቢሰነብት ከደሴቱ እንደሄደ አይቆጠርም።

የመድኃኒቱ ወጪ ሲከብደኝ የጤና መድን ግድ ሆነ። ለመድኑ የወረዳችን መታወቂያ፣ ለመታወቂያው ደግሞ ከደሴቱ ቀበሌ መሸኛ ተጠየቅን። መሸኛ የወሰደ ሰው ከቀድሞው ቀበሌ ይሰረዛል።

«መሸኛ ለሚሄድ ሰው ነው። እኔ የት ሄድኩ?»

«ጋሼ፣ ወረቀት ብቻ እኮ ነው።»

«አንተ ዕድሜ ልክህን በወረቀት ሰው ስትቀጥርና ስታሰናብት ኖረህ፣ ዛሬ ‹ወረቀት ብቻ› ትለኛለህ?»

ጡረታ እስክወጣ የሠራሁት በሠራተኛ አስተዳደር ነበር። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ደረጃ ሲወጡ ተዝለፍልፈው ወደቁ። ሲነቁ «ይሁን፣ አምጣው» አሉ።

የውክልና ማስረጃ ይዤ ወደ ደሴቱ ሄድኩ። መሸኛውን ተቀብዬ ወደ ቤታቸው ስደርስ ጎረቤታቸው የወንድሜን ጀልባ ወደ ፀሐይ እያዞረ ነበር። የመጣሁበትን ነገርኩት። እጁን ከጀልባው ላይ አነሳ።

«ተሸኙ በለኛ» አለ። ከዚያ በኋላ ጀልባውን አጋድሞ ማሰሪያውን አንድ በአንድ ፈታ። ከደሴቱ የሄደ ሰው ደንገል ለቀረው ሰው ጀልባ መጠገኛ ይሆናል፤ የአገሩ ደንብ ነው። ልከለክለው አልቻልኩም።

ቤት ስመለስ ወንድሜ ወረቀቱን አላዩትም። «የማን ጀልባ ተጠገነበት?» ብለው ጠየቁኝ።

«የጎረቤትዎ።»

«እሱ ጎበዝ አጥማጅ ነው» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ።

በወረዳው ጽሕፈት ቤት መዝጋቢዋ ልጅ «አባባ፣ ሥራዎ ምንድን ነው?» አለቻቸው።

«ነበረኝ» አሉ።

«አሁን ማለቴ ነው፣ አባባ።»

በቅጹ ላይ «ሥራ» በሚለው ቦታ «የለም» ተብሎ ተሞላ። የነዋሪነት መታወቂያው የካቲት 9 ቀን ተሰጣቸው።