ከፓርኪንጉ ጣሪያ ያየነው ባቡር

ባለፈው ቅዳሜ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ እህቴ ቤት ሻይ እየጠጣሁ ሳለ፣ ልጇ ኖኤል ከስልኩ ላይ ቀና ሳይል «አክስቴ፣ ይቺ ሴትዮ ድምፅዋ እንዳንቺ ነው» አለኝ። ገና ትንሽ ልጅ ነው፤ ባቡር ካየ ግን ምግቡንም ይረሳል። ስልኩን ወደ እኔ አዞረው። ነጭና ሰማያዊ ባቡር ያለ ጭስ ይመጣል፤ ባቡሩ ከመድረሱ በፊት አንዲት ሴት በአማርኛ ትጮኻለች፦ «ጋሽ ታደሰ! ጋሽ ታደሰ! ይምጡ፣ መጣ!»

ሴትዮዋ እኔ ነኝ። የሻዩን ብርጭቆ አስቀመጥኩት።

ያኔ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ነበርኩ፤ ኬሚስትሪ አጠና ነበር። ክፍል ውስጥ እጄን አውጥቼ የማላውቅ፣ አውቶቡስ ላይ መውረጃዬ ሲደርስ እንኳ «አሳልፉኝ» ማለት የሚከብደኝ ልጅ ነበርኩ። በዚያ ሰሞን ቨርጂኒያ ውስጥ በአሌክሳንድሪያ በኩል በሚያልፈው ሐዲድ ላይ በሃይድሮጂን የሚሄድ ባቡር ሊሞከር ነው ተባለ። ሃይድሮጂኑ ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ይገናኛል፣ ከዚያ ኤሌክትሪክ ይገኛል፣ የሚተርፈው ውሃ ብቻ ነው። ለፈተና ስሸመድደው የኖርኩት ነገር ሰው ሊጭን ነው ማለት ነው። ደግሞ ድምፅ የለውም ይባል ነበር። ድምፁን ሳያሰማ መጥቶ የሚያልፍ ነገር መውደዴ የሚያውቀኝን ሰው አይገርመውም።

ቅዳሜ ጠዋት ጠዋት እዚያው አሌክሳንድሪያ፣ ላንድማርክ የሚባለው ሠፈር ጓደኛዬ ቤዛ ጋ እሄድ ነበር። ቤዛ እኔ ያልሆንኩትን ሁሉ ነበረች፤ ሳቂታ፣ ደፋር፣ ያየችውን ሁሉ ቪዲዮ የምታደርግ። ሁዳዴ ስለነበር ከሐበሻ ሱቅ ትኩስ የምስር ሳምቡሳ ገዝተን፣ ከረጢቱ እጃችንን እያሞቀው፣ ሐዲዱ አጠገብ ወዳለው የመኪና ፓርኪንግ እንሄዳለን። ጣሪያው ለጥገና ተዘግቷል፤ ከእሱ የተሻለ ማያ ግን አልነበረም። እዚያ ጥበቃ የሚሠሩት ጋሽ ታደሰ ደረጃውን ከፍተው ያስወጡናል።

«ዝምተኛዋ፣ ዛሬም ባቡርሽ ቀጠረሽ?» ይሉኛል።

«አዎ፣ ጋሽዬ።»

«ስንት ቅዳሜ ቀጥሮሽ ቀረ! ወንድ ቢሆን እስካሁን ትተሽው ነበር።»

ሳምቡሳ ስንሰጣቸው «ቅዳሴ ሳይወጣ አልቀምስም» ብለው በሶፍት ጠቅልለው ኪሳቸው ይከቷታል። የሚለምኑን አንድ ነገር ብቻ ነበር። «እዚህ መውጣታችሁን ሰው እንዳያውቅ፣ ልጆቼ። የባለቤቴና የልጄ የመምጫ ፕሮሰስ ተጀምሯል። ይቺን ሥራ ካጣሁ እነሱም እዚያው ይቀራሉ።»

ባቡሩ የመጣ ቀን ፀሐይ ነበር። ከታች የቆሙት መኪኖች በአበባ ብናኝ ቢጫ ሆነዋል፤ ቤዛ ታስነጥሳለች። መጀመሪያ ያየሁት ከዛፎቹ በላይ ቀጭን ነጭ እንፋሎት ነው። ቀጥሎ ባቡሩ ራሱ ብቅ አለ። ሌሎቹ ባቡሮች ሲያልፉ እግራችን ሥር የሚንቀጠቀጠው ሲሚንቶ ንቅንቅ አላለም። እኔ ግን ጮኽኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ጮኼ አላውቅም። ጋሽ ታደሰ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው ደረጃውን እየሮጡ ወጡና አጠገቤ ቆሙ።

«እውነት ውሃ ብቻ ነው የሚያወጣው?»

«ውሃ ብቻ።»

«ጠበል ነው በይኛ!» አሉ። ሦስታችንም ሳቅን።

ቤዛ በስልኳ ስትቀርጽ እንደነበር ልብ ያልኩት ባቡሩ ካለፈ በኋላ ነው። ጋሽ ታደሰ ሲወርዱ ጠብቄ፣ «ስማቸውን ጠርቻለሁ፤ ድምፁን አጥፊው» አልኳት።

«እሺ ባክሽ፣ ሚዩት አደርገዋለሁ።»

«ማይልኝ።»

«ማርያምን!»

በማግስቱ ለቀቀችው፤ ከነድምፁ። ስደውልላት እየሳቀች፣ «ሰው የወደደው እኮ ያንቺን ጩኸት ነው» አለችኝ። «ደግሞ በአማርኛ ነው፤ ማን ይሰማሻል?»

ይህን የምትለኝ ላንድማርክ ተቀምጣ ነው። ሊፍት ውስጥ ግራና ቀኝ ሳያዩ ሰው ማማት በማይቻልበት፣ የፓርኪንጉ ሱፐርቫይዘር ሳይቀር ሐበሻ በሆነበት ሠፈር። ግን እዚህ አገር ሁላችንም እንዲህ እንሳሳታለን። አማርኛን እንደ መጋረጃ ስበን እናወራለን፤ ከመጋረጃው ወዲህ ስንት ሰው ከእኛ ጋር እንደተቀመጠ እንረሳለን። አውርጂው ብዬ ለመንኳት። «ነገ» አለች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ በጋሽ ታደሰ ቦታ የማላውቀው ወጣት ተቀምጧል። «ከሥራ አስወጥተዋቸዋል» አለን። «ሱፐርቫይዘሩ ቪዲዮ ላይ ስማቸው ሲጠራ ሰምቶ ነው አሉ።»

በሆሳዕና ቤተ ክርስቲያን ግቢ አገኘናቸው። ሕዝቡ ዘንባባውን እንደ ቀለበት ጣቱ ላይ አስሮ ይወጣል። ቤዛ አጠገቤ ነበረች። ጎንበስ ብዬ ሰላም ስላቸው እጃቸውን ሰጡኝ፤ እንደ ድሮው ግን አልሳሙኝም።

«አንቺ እንኳ ዝምተኛ መስለሽኝ ነበር» አሉኝ። ቁጣ አልነበረበትም። ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር።

ቤዛን አየኋት። የምጠብቀው «እኔ ነኝ» እንድትል ብቻ ነበር። ጣቷ ላይ ያለውን ዘንባባ አዞረችው፣ አሁንም አዞረችው፤ ከዚያ በዚያ ሰው በሚወድላት ድምፅዋ፣ «ጋሽዬ፣ ይቅር ይበሏት፤ ደስታ አሳስቷት እኮ ነው የጮኸችው» አለቻቸው።

ስለ እኔ ሆና ይቅርታ ለመነችልኝ! እሳቸውም «እግዜር ይቅር ይበላት» ብለው ሄዱ። እኔ ሮጬ አልተከተልኳቸውም። ከዚያ ወዲህ ቤዛ ስትደውል አላነሳሁም። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ቃሏን ማጠፏ ብቻ አይደለም። በእኔ ላይ ቆማ ደግ መባሏ ነው።

ጋሽ ታደሰ ሜሪላንድ ውስጥ በልትስቪል በሚባል ከተማ አንድ መጋዘን ውስጥ ሥራ አገኙ ሲባል ሰምቻለሁ። ቤተሰባቸው ይምጣ አይምጣ ለመጠየቅ ግን እስካሁን አልደፈርኩም። ባቡሩም ከሙከራው በኋላ በዚያ ሐዲድ አልተመለሰም።

ኖኤል ቪዲዮውን ደገመው። «ሰውዬው አየው?» አለኝ።

«አዎ። ስጠራቸው ሮጠው መጥተው አዩት።»

እንደገና ሊያጫውተው ሲል ፊቴን አየና በእንግሊዝኛ «ድምፁን ላጥፋው?» አለኝ። እሺ አልኩት። በአውራ ጣቱ አንዴ ነካ አደረገው። ባቡሩ ያለ ጭስ፣ ያለ ድምፅ አለፈ።

ይህን ያህል ቀላል ነበር።