ተሰርዟል የተባለው ድምፅ

ከሸዋሮቢት ወደ ጀውሃ ሲኬድ ከአስፋልቱ በታች ከአንድ ቦይ የሚጠጡ ሁለት የሽንኩርት ማሳዎች አሉ። የላይኛው የአንድ ሙስሊም ገበሬ ነው፤ የታችኛው የአንድ ክርስቲያን አዛውንት። የላይኛው ተራው ሲያልቅ ውሃውን ወደ ታች ያዞርና «ጋሼ፣ ውሃዎ መጣ!» ብሎ ይጣራል። አዛውንቱም ካሉበት «ተቀበልኩ፣ ተባረክ!» ይላሉ። በዚያ ቦይ ሳይጣሩ ውሃ መልቀቅ እንደ ስድብ ይቆጠራል።

እኔ ለዘገባ በሄድኩበት በጋ ውሃው አንሶ ነበር። አዛውንቱ ተናደው በመቅረጸ ድምፄ ላይ «የሱ ሽንኩርት እንዲህ የወፈረው የኔን ውሃ እየሰረቀ ጠጥቶ ነው» አሉ። ጎረቤታቸውን ጠየቅሁት፤ ካደ። ተራ የሚያካፍለውን የውሃ አባት ጠየቅሁ፤ ቦዩን ደለል ስለሞላው ውሃው መንገድ ላይ ይቀራል አለኝ። የሦስቱንም ቃል ጻፍኩ። የአዛውንቱን ድምፅ ደግሞ ከጽሑፉ ጋር አያይዤ በመሥሪያ ቤታችን ድረ ገጽ ላይ ጫንኩት።

ጽሑፉን ያነበበው ጥቂት ሰው ነው። የድምፁ ሊንክ ግን ከስልክ ስልክ ዞረ። ጎረቤትየው ሽንኩርቱን ገበያ ሲያወጣ «ይኼኛው የማንን ውሃ ነው የጠጣው?» ይሉት ጀመር። አንዷ ደግሞ «ሲከተፍ የሚያስለቅሰው ባለ ውሃውን ነው አሉ!» ብላ ገበያውን አሳቀችበት። ከዚያ ወዲህ ጎረቤትየው ውሃውን ሳይጣራ ይለቅ ጀመር።

በኋላ ቦዩ ሲጠረግ ውሃው ተመለሰ። አዛውንቱ ስህተታቸውን አይተው ሽማግሌ ላኩ። አንድ ሐጂና አንድ ቄስ ማንጎ ጥላ ሥር አስቀመጧቸው። ጎረቤትየው አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፤ ያ ቃል ይቀበር አለ። እኔም ተጠራሁ።

ስልኬን አውጥቼ ድረ ገጹን ከፈትኩ። ማጥፊያውን ስነካ እርግጠኛ መሆኔን ጠየቀኝ፤ አረጋገጥኩ።

«ምን አለ? አንብብልን» አሉ ሐጂው።

«ተሰርዟል ይላል።»

«ተመልሶ አይነሳም?»

«ሙት ሁሉ ይነሳል እኮ፣ ሐጂ» አሉ ቄሱ።

«እሱ በመጨረሻው ቀን ነው! እስከዚያ ሽንኩርታችንን እንሽጥበት» አሉ ሐጂው።

ሁሉም ሳቀ። ገጹን ደግሜ ፈለግሁ፤ የለም። «ጠፍቷል» ብዬ መሰከርኩ። አዛውንቱ የጎረቤታቸውን ትከሻ ሳሙ። እንደ አገሩ ልማድ ሁለት በግ ቀረበ፤ ሁሉም በየሃይማኖቱ አርዶ በአንድ ጥላ ሥር ተበላ። ማታ ልሄድ ስል ጎረቤትየው ከላይ «ጋሼ፣ ውሃዎ መጣ!» ሲል ሰማሁ።

ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ጎረቤትየው ደወለልኝ። ጀውሃ ውስጥ ባጃጅ ተሳፍሮ ሳለ፣ አጠገቡ የተቀመጠ የማያውቀው ሰው ያንኑ ድምፅ ከፍቶ ይስቅ ነበር።

«ቀበርነው አላላችሁም?» አለኝ።

የድሮውን ሊንክ ፈልጌ ነካሁት። አዛውንቱ ተናገሩ። ወዲያው ድረ ገጹን ለሚያስተዳድረው ባለሙያ ደወልኩ።

«ጋሼ፣ እርስዎ የሰረዙት ጽሑፉን ነው» አለኝ። «ድምፁ የተቀመጠው ሌላ ቦታ ነው። ሊንኩ ያለው ሰው ይከፍተዋል።»

«ታዲያ ለምን ተሰርዟል ይለኛል?»

«ከገጹ ላይ ተሰርዟላ! ፋይሉን ሆን ብለን ነው የምንተወው። ስንቱ ሪፖርተር በስህተት አጥፍቶ መልሱልኝ እያለ አልቅሶብናል!»

ስልኩን ሳንዘጋ ፋይሉን አጠፋው። ሊንኩን ሞከርኩት፤ አልተገኘም አለኝ። ይህን በአካል ለመንገር ወደ ማሳው ተመለስኩ።

ጎረቤትየው ውሃ እያጠጣ አገኘሁት። እስክጨርስ አካፋውን ተደግፎ አዳመጠኝ።

«በእርስዎ አልተቀየምኩም» አለ። «ጋሼና ሽማግሌዎቹ ድምፁ እንዳልጠፋ እያወቁ በግ ያበሉኝ መስሎኝ ነው የከፋኝ። አሁንስ የትም የለም?»

«እኛ ዘንድ የለም።»

«የትም የለም ብለው ይማሉልኝ። እኔም አሁኑኑ እንደ ድሮው እጣራለሁ።»

ስንት ሰው ወደ ስልኩ እንዳወረደው አላውቅም ነበር። በዚህ ሥራ ያረጀሁት የማላውቀውን አውቃለሁ ሳልል ነው። ይህንኑ ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀ፤ ደግ ሰው ነው፣ አልተቆጣኝም። ከዚያ በአካፋው አፈሩን ቆርጦ ውሃውን ወደ ታች አዞረና ሳይጣራ ወደ ቤቱ ሄደ። እውነት መናገሬ ትክክል ነበር። ቢሆንም የዚያን ቀን መልሴን ያህል የሚቆጨኝ መልስ የለም።

ከውሃው ጎን ጎን ወደ ታች ወረድኩ። አዛውንቱ አካፋቸውን ይዘው ቦዩ አፍ ላይ ቆመዋል።

«ልጄ፣ ከላይ ነው የመጣኸው?» አሉኝ። «ጆሮዬ ደክሟል። ጠርቶኛል እንዴ?»

«አልጠራዎትም፣ ጋሼ።»

ውሃው እግራቸው ሥር ደርሶ ነበር። ጎንበስ ብለው መንገድ ከፈቱለት።