ከወለል በታች ያለ ሰው

በጆሃንስበርግ የምንኖርበት አሮጌ ቤት ውሃ ተቋርጦ ሲመለስ ከወለሉ በታች ያንኳኳል። ቧንቧው ውስጥ የታሰረ አየር ነው ይሉኛል፤ የቧንቧ ሠራተኛ ልጅ ነኝና ይህን የሚያስረዳኝ አያሻኝም። ነገር ግን ጣውላው ከእግሬ ሥር ኳ፣ ኳ ሲል እጄ የያዘውን ትቶ መልስ የሚሰጥበትን ነገር ይፈልጋል፤ ያን ጊዜ ሆሳዕና አጠገብ ያደግሁበት ቤት ከነእርጥብ አፈሩና ከነዛገ ብረት ሽታው ይመጣብኛል።

ያ ቤት የሚሲዮን ቤት ነበር። በድንጋይ ምሰሶዎች ላይ ከመሬት ከፍ ተደርጎ ተሠርቶ፣ ወለሉ ጣውላ ተመትቶበት፣ በጣውላውና በመሬቱ መካከል ሰው በደረቱ እየተሳበ የሚገባበት ክፍተት ነበረው፤ የውሃ ቱቦዎቹም ሁሉ በዚያ በኩል ያልፉ ነበር። አባቴ የግቢው ቧንቧ ሠራተኛ ስለነበር፣ በቤቱ ይኖሩ የነበሩት የሚሲዮኑ ነርሶች ወደ አዲስ ቤት ሲዛወሩ ከኋላ ያሉትን ሁለት ክፍሎች ሰጥተውን ቤቱን እየጠበቅን እንኖር ነበር። በአገሩ የሰው ቤት ወለል መሬት ነውና፣ ሊጠይቁን የሚመጡ ዘመዶች ጣውላው ከእግራቸው ሥር ባዶ ድምፅ ሲሰጥ ደንገጥ ብለው ይቆሙ ነበር። የአባቴ እህት፣ አክስቴ፣ «እናንተ እኮ በሰው ደረት ላይ ነው የምትሄዱት» ትል ነበር፤ ስትቀመጥም ሁልጊዜ ግድግዳውን ተጠግታ ነበር።

በበጋ አባቴ ከዚያ ሲወጣ ቅንድቡ ሳይቀር አቧራ ለብሶ፣ በክረምት ደግሞ ከአገጩ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ ይወጣ ነበር። ቱቦ ከመገጣጠሚያው ላይ ሲያፈስ አሮጌውን ቃጫ ፍቆ ያነሳና፣ አዲስ ቃጫ ቀለም ውስጥ ነክሮ በቱቦው ጥርስ ላይ ጠምጥሞ በቱቦ መፍቻው፣ በጂራቱቦ፣ ያጠብቀው ነበር። ሲጨርስ ቱቦውን በብረት ያንኳኳል፤ ያኔ እናቴ የማድ ቤቱን ቧንቧ ከፍታ፣ ውሃው መምጣቱን አይታ፣ በዘነዘናው ጫፍ ወለሉን ትመታለት ነበር፣ ሁለቴ ፈጠን፣ አንዴ ዘግየት አድርጋ። እሱ እስኪወጣ ድረስ ጎረቤት ቢጠራት፣ ደጅ የተሰጣው እህል ዝናብ ቢመታው እንኳ ከማድ ቤት አትነቃነቅም ነበር። ለምን እንደሆነ ብጠይቃት፣ «ከታች ያለ ሰው ከላይ ሰው እንዳለው ማወቅ አለበት» አለችኝ።

ሲቆይባት ግን ታፌዝበት ነበር።

«አንተ የወርቅነሽ አባት፣ እዚያ ታች ሌላ ሚስት አስቀምጠሃል እንዴ?»

«አለችኝ!» ይል ነበር፣ ድምፁ ከጣውላው ሥር ታፍኖ። «እሷ ግን እንዳንቺ አትጮህም!»

በአንዱ ዓመት በልግ ላይ እናቴ ማሳል ጀመረች፤ ክረምቱ ሲገባ አልጋ ላይ ዋለች፣ ክረምቱም ሳይወጣ ሞተች። ዘመድ ጎረቤቱ ቤታችንን ሞልቶ፣ በዚያ በሚፈራው ጣውላ ላይ እየተኛ፣ አባቴን ለአንድ ቀን እንኳ ብቻውን ሳይተወው ሰነበተና፣ አደይ ሲፈነዳ ወደየቤቱ ተመለሰ።

ወዲያው ከማድ ቤቱ ሥር ቱቦ አፈሰሰ። አባቴ ገባ፣ እኔ ማድ ቤት ነበርኩ። ሲጨርስ እንደ ልማዱ አንኳኳ፣ ከዚያም ጠበቀ። ለእኔ እንዳልሆነ አውቄያለሁ፤ ነገር ግን ሌላ የሚመልስ ሰው ስላልነበረ ቧንቧውን ከፍቼ፣ ዘነዘናውን አንስቼ፣ ሁለቴ ፈጠን፣ አንዴ ዘግየት አድርጌ መታሁ፤ ሌላ አመታት አላውቅም ነበርና። ቆይቶ በፍጥነት ሲሳብ ሰማሁ። በማድ ቤቱ በር ገብቶ፣ ጭቃው ከደረቱ እየተንጠባጠበ፣ ዘነዘናውን አየ፣ ከኋላዬ ያለውን ጥግ አየ፣ እኔን ግን ሳያየኝ ተመልሶ ወጣ።

በዚያ በጋ አባቴ ከወለሉ በታች መዋል ጀመረ። የሚያፈስ ነገር ሳይኖር ይገባል፣ ያንኳኳል፣ እኔም እመልሳለሁ፤ ቆይቶ እንደገና ያንኳኳል። ካልመለስኩለት ጨርሶ የማይወጣ ይመስለኝ ነበር፤ ስመልስለት ደግሞ ይበልጥ ይቆይ ነበር። ምሳው ይቀዘቅዛል፣ ልብሱ እየሰፋበት ሄደ። ጆሮዬን ጣውላው ላይ ስለጥፍ ሲናገር እሰማው ነበር፣ ምን እንደሚል ግን አይለይም። እናቴ ትቀልደው የነበረው ነገር ትዝ ሲለኝ ጆሮዬን ቶሎ አነሳለሁ። እዚያው ቀርቶ እኔ ከላይ ብቻዬን እንዳልሆን ፈራሁ።

አክስቴ መጥታ ከወለሉ በታች በሚገባባት ትንሽ መግቢያ ጎንበስ ብላ፣ «ወንድሜ፣ የተበላሸው ቧንቧው ነው ወይስ አንተ ነህ?» ብላ ጮኸችበት። እሷም በርበሬ የምትወቅጥበት አጥታ ኖሮ ዘነዘናውን ይዛው ሄደች።

በማግስቱ አንኳኳ። ዘነዘናው የለም። የምመታበት ሌላ ነገር ስላጣሁ ተንበርክኬ ጣውላውን በመዳፌ መታሁት፤ አመመኝና አልደገምኩም።

ከታች የሚያንኳኳበት ብረት ሲወድቅ ሰማሁ።

«ወርቅነሽ?» አለ ከታች።

«አቤት፣ አባዬ።»

«አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«ብቻሽን ነሽ?»

ማድ ቤቱን ዞር ብዬ አየሁ። «ብቻዬን ነኝ» አልኩት።

ወጣ። እጁን ሳይታጠብ ገብቶ አጠገቤ ወለሉ ላይ ተቀመጠ፣ መዳፌንም ገልብጦ አየው። ከዚያ ወዲህ ቧንቧ ሲበላሽ ብቻ ይገባል፣ እኔ በመዳፌ እመልሳለሁ፣ ሲጨርስ ይወጣ ነበር። ዘነዘናው አክስቴ ዘንድ ቀረ፤ የጠየቃትም የለም።

ልጄ ተመስገን የቧንቧ ሥራን ከነማንኳኳቱ ከአያቱ ተምሮ ነው ያደገው። እዚህ መጥቶ ከከተማው ዳር ባለችው ቴምቢሳ ስፓዛ የሚሉትን ትንሽ የሰፈር ሱቅ ከፈተ፣ ባሌ ሲሞት እኔንም አስመጣኝ። ከዚህ ቤት ጣውላ ሥር ሲገባ ከላይ የምትቆየው ሚስቱ ሂሩት ነበረች፤ በመጥረጊያው እንጨት ወለሉን የመዝሙር ምት እየመታች፣ «ተሜ፣ ውጣ እንጂ! ጎረቤት ባልሽ ጠፋ ሊለኝ ነው» ትለው ነበር። በወረርሽኙ የመጀመሪያ ክረምት ሆስፒታል ገብታ አልተመለሰችም። አፋችንን ሸፍነን ጥቂት ሆነን ቀበርናት። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች በስልክ ጸለዩ፣ በስልክ አለቀሱ፤ እኛ ቤት መጥቶ ያደረ የለም፣ አይፈቀድምም ነበር። ተመስገን ሰው ዳቦና የስልክ ሂሳቡን ኤርታይም ይፈልጋል ብሎ ሱቁን ከፈተ፤ እቤት ሲገባ ግን አይናገርም ነበር።

የዚህ አገር ክረምት ዝናብ የለውም፤ ደረቅ ብርድ ነው፣ ቧንቧ ያፈነዳል። አንድ እሑድ ከወለሉ በታች ፉጨት ሰማን። ተመስገን ከሂሩት ወዲህ እዚያ መግባት አልፈለገምና ቧንቧ ሠራተኛ ዘንድ ደወለ። «ሶሪ ማይ ብራዘር፣ እናንተ ቤት ሰው ሞቷል። እኔ ልጆች አሉኝ» አለው ሰውየው። ተመስገን ስልኩን አስቀምጦ፣ ጂራቱቦውን ይዞ ራሱ ገባ።

ፉጨቱ ቆመ፤ እሱ ግን አልወጣም። በመስኮት የገባችው ፀሐይ ከወንበሩ እስከ ግድግዳው ድረስ ሄደች። ከዚያ አንኳኳ። ቧንቧውን ከፈትኩ፣ ውሃው መጣ። እንደገና አንኳኳ፣ ቀስ አድርጎ። ምን እንደሚጠብቅ ገባኝ። የሂሩት መጥረጊያ ከበሩ ኋላ ቆሟል፣ አመታቷንም አውቀዋለሁ። አልነካሁትም። ወንበሩን ይዤ በጉልበቴ ወረድኩና ጣውላውን በመዳፌ አንድ ጊዜ መታሁ።

«እማ?»

«እኔ ነኝ።»

«ወለሉ ላይ ነሽ እንዴ?»

«ወለሉ ላይ ነኝ።»

«በዚያ ጉልበትሽ? አሁን እንዴት ልትነሺ ነው?»

«አልነሳም» አልኩት፣ «መጥተህ አንሳኝ።»

ጂራቱቦው በአፈሩ ላይ ሲጎተት፣ እሱም ሲሳብ ሰማሁት። ቀይ አቧራ ለብሶ ገባና በሁለት እጁ አነሳኝ፤ ከቆምኩም በኋላ እጆቹን ቶሎ አላነሳቸውም።

ያኔ ቤቱን የሞላው ለቅሶ ደራሽ ሁሉ አባቴን ማውጣት አልቻለም ነበር፤ እዚህ ደግሞ ደራሽም አልነበረም። አባቴ የወጣው ልጁ ብቻዋን ስለሆነች፣ ልጄ የወጣው እናቱ መነሳት ስላቃታት ነው። አሁንም ውሃ ሲመለስ ከወለሉ በታች ያንኳኳል። ድሮ ወዲያው እመልስ ነበር፤ ዛሬ መጀመሪያ ተመስገን የት እንዳለ አያለሁ። ከላይ ከሆነ፣ አየሩ ነው፣ ያንኳኳ ብዬ እተወዋለሁ።