በጾም የሸሸግሁት

የትምህርት ቤት ደጃፍ ሳልረግጥ ፊደል የለየሁ፣ ከቱሪስት አፍ ጣሊያንኛ የለቀምሁ ሰው ነኝ። በላሊበላ ጄኔሬተሩን ያላስነሣሁለት ሆቴል ጥቂት ነው። ስድሳን አልፌ እንኳ ብልባላ ድረስ በእግሬ ስሄድ ጎረምሶች ከኋላዬ ያለከልኩ ነበር።

ኮሮና የያዘኝ በክረምት ነው። ትኩሳቱ ለቀቀኝ፣ ሳሉም ለቀቀኝ። ከዚያ በኋላ ግን ከሚስቴ ጋር ስተኛ ሰውነቴ አልታዘዝ አለኝ። ድካም ነው ብዬ ቆይቼ ሞከርሁ፤ ያው ነው። ሚስቴ በዕድሜ በብዙ ታንሰኛለች። ጀርባዬን ዳበስ አድርጋ ተኛች። ያ ዳበሳ ከስድብ ባሰብኝ። እንቅልፍ ጠፋ። ሥራ ላይ መፍቻ እንደያዝሁ ፈዝዤ እቀራለሁ፤ እንባዬ ሳልጠራው ይመጣል።

ፍልሰታ ሲገባ ተነፈስሁ። በእኛ ዘንድ ባልና ሚስት በጾም መኝታ ይለያሉ፣ ለምን የሚል የለም። ፍልሰታ ሲፈታ ሌላ ጾም ፈለግሁ። በዕድሜዬ ጾሜው የማላውቀውን የፈቃዱን ጾም፣ ጽጌን ያዝሁ። ቀጥሎ የነቢያትን። በመካከል የተረፈውን ጊዜ ሱባዔ ነው አልሁና መደቡ ላይ ቁርበት አንጥፌ ብቻዬን አደርሁ።

ጎረቤቴ፣ "አንተ ሰው፣ ጽድቁን ጠቅልለህ ልትወስደው ነው? ለእኛም አስተርፍልን እንጂ!" እያለ ይስቃል። እኔም ኮራሁ።

አንድ ቀን ወልድያ ወርጄ ሐኪም ዘንድ ገባሁ። የታመመው ጎረቤቴ ነው አልሁት። ወጣት ነው፤ ቀና ብሎ አየኝ።

"ከዚያ በሽታ በኋላ እንዲህ የሚሆኑ ወንዶች አሉ፣ አባባ። ጭንቀቱ ደግሞ ያብሰዋል። ሕክምና አለው። ጎረቤትዎ ከባለቤቱ ጋር ይምጣ።"

"እነግረዋለሁ" ብዬ ወጣሁ። ለሚስቴ ልነግራት አፌን በከፈትሁ ቁጥር ግን ስለ ጄኔሬተር አወራሁ።

ከገና በኋላ የንስሐ አባታችንን ይዛ መጣች።

"አንቱ፣" አለችኝ፣ "ጠልተውኝ መስሎኝ ብዙ አለቀስሁ። ለካ እግዜር ጠርቶዎታል። እንግዲያው ልጆቻችንም ራሳቸውን ችለዋል፣ ቆቡን አብረን እንጫን።"

እንመንኩስ ማለቷ ነው። ልጅ አሳድገው የጨረሱ ባልና ሚስት በአገራችን ያደርጉታል፤ ከዚያ ወዲያ እንደ እኅትና ወንድም ይኖራሉ።

ካህኑ ወደ እኔ ዞሩ። "የአንዳችሁ ፈቃድ ብቻ አይበቃም። ከልብህ ነው ልጄ? ቆቡ ከተጫነ መመለስ የለም።"

ሚስቴ ዓይኔን ዓይኔን ታየኛለች። አይሆንም እንድል እየጠበቀች ነበር። አይቼዋለሁ። ያን ጊዜ አንዲት ቃል ብናገር ኖሮ ወልድያ አብራኝ ትወርድ ነበር። ካህኑ ፊት ግን ያቺን ቃል እንዴት ላውጣት?

"ከልቤ ነው፣ አባ።"

"እንግዲህ ይሁን" አለች፤ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አደረገች።

ጠጉሯን ሲላጯት ፊቴን አዞርሁ። አልጋችንን ለልጃችን ሰጠን፤ እሷ በወዲያኛው ክፍል፣ እኔ በወዲህኛው ሆንን። አሁን አንዳንድ ጠዋት፣ ስንት ጊዜ የለመንሁት ሰውነቴ በራሱ ፈቃድ ሊነቃ ይቃጣዋል። እስኪተወኝ ድረስ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ እቆያለሁ።

ከዚያ በሩ ላይ ድምፅዋ ይመጣል። "እንደምን አደሩ፣ ወንድሜ?"

"ደኅና፣ እኅቴ" እላለሁ።